እንካና እንኩ

ቅርጫት ኳስ ሱሉልታ ሲደርስ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ድርቆሽ የሚከመርበት ሜዳ ተጠረገ፣ የበርሜል ቀለበት ባሕር ዛፍ ላይ ተቸነከረ፣ በቃ። ኳሷ አንድ ናት። እሷን ለመንካት ሃያ ልጅ ስለሚጋፋ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የስፖርት አስተማሪ ከሁሉ በፊት ያስተማረን ማቀበልን ነው። ጎረምሳ ስለነበረ ፊት ለፊት አንቱ፣ ከኋላው አንተ እንለው ነበር።

ከደረት በሁለት እጅ ገፍቶ ማቀበልን በአንድ ቀን ለመድኩ። ቤታችን ለሰው ነገር የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው። ክፋቱ፣ ስሰጥ ጎንበስ እላለሁ።

«ኳስ እንጂ ብርሌ አይደለም! ቀና በል!» ይለኛል አስተማሪው።

ያቃተኝ ሁለተኛው ነው። ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ፣ ተቀባዩ ወገብ ላይ እንድትደርስ ማድረግ። አቀባዩ ደግሞ «እንካ!» ብሎ መጮህ አለበት።

አብረውን የሚማሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። የሁለት ልጆች አባት ናቸው። ትምህርት የጀመሩት ዘግይተው ስለሆነ ከእኛ ከውሪዎቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሁላችንም በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ ማለትም «አቶ»፣ እንላቸዋለን። ቀለበቱ ሥር ከቆሙ በቁመት የሚደርስባቸው የለም። ሌሎቹ ልጆች ሜዳ ከገቡ አንተ ይሏቸዋል። እኔ አልቻልኩም። የአባቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ ቤታችን ሲመጡ አባቴ ራሱ ከመቀመጫው ይነሳላቸዋል። ታዲያ ለእኚህ ሰው መሬት ላይ ወርውሬ «እንካ» ልበል? እኛ ቤት መሬት ላይ የሚወረወርለት ውሻ ነው።

ስለዚህ «እንኩ!» እያልኩ አቀብላለሁ። ተጋጣሚዎቻችን ወዲያው ነቁ። ሜዳው ላይ አንቱ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ገና አፌን ስከፍት ሁሉም ወደ ኦቦ ይሮጣል። አስተማሪው ትዕግሥቱ አለቀ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ጫንጮ ሄደን ስንጋጠም እንኩ ስትል ብሰማ ከአምስቱ ወጥተሃል» አለኝ።

ፈራሁ። በትምህርት ጭራ ነበርኩ፤ አባቴ በእኔ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ከአምስቱ አንዱ መሆኔ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የጓሯችንን ግድግዳ ኦቦ አድርጌ፣ በጨርቅ ኳስ «እንካ! እንካ!» ስል ሰነበትኩ። ግድግዳው አልተቀየመም። ልምምድ ላይ ግን የኦቦን ፊት ሳይ ቃሉን ትቼ ኳሷን ብቻ እወረውራለሁ።

ጫንጮ የሄድነው በድርቆሽ መኪና ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር። ኳሷ እኔ እጅ ገባች። ኦቦ ቀለበቱ ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። ከፊቴ ያለው ልጅ ሁለት እጁን ሰቅሏል፤ በታች በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ዓይኔን ጨፈን አደረግኩና «እንካ!» አልኩ። ኳሷ ልክ እንደተማርነው መሬት ነክታ ተነሳች። ኦቦ ግን ማንን እንደጠራሁ ለማየት ወደ ኋላ ዞሩ። ኳሷ ዳሌያቸውን ታክካ ተመልካቹ መሐል ገባች። ፊሽካ ተነፋ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ድርቆሹ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አስተማሪው ዓይኑን መንገዱ ላይ እንደተከለ፣ «ከነገ ጀምሮ ተጠባባቂ ነህ» አለኝ።

«ላኪ፣ ላኪ! የለም፣ መምህር» አሉ ኦቦ በኦሮምኛቸው ጀምረው። «ልጁ ምን አጠፋ? በደንብ ነው ያቀበለኝ። ድምፁንም ሰምቻለሁ። ግን ይህ ልጅ ከተወለደ አንተ ብሎኝ አያውቅም። ሌላ ሰው የጠራ መስሎኝ ዞሬ ስፈልገው ነው!»

ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪው አልሳቀም፤ ቃሉንም አላጠፈም። እኔ እንባዬ እንዳይታይ ድርቆሹን ጎንበስ ብዬ እቆጥር ጀመር። አፈርኩ፤ በመሸነፋችን ሳይሆን እሳቸውን በከንቱ አንተ በማለቴ።

ኳሷ መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር እግራችን ሥር ትንከባለላለች። ኦቦ አነሷት። አቧራዋን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ያን ሁሉ ቁመት ጎንበስ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«እንኩ» አሉኝ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መኪናው እየሄደ፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ተቀበልኳቸው።