በሆላንዱ ጫካ ላይ ዘጠኝ ነጥብ

የእስር ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ በጥርስ ሳሙና የተለጠፈውን ጫካ ነው። ከአሮጌ ካላንደር የተቀደደ ሥዕል ነበር፤ የወደቀ ግንድ፣ ጥቁር ውሃ፣ ሰው ረግጦት የማያውቅ የሚመስል ጥሻ። ክፍሉ ላብና ሽንት ይሸታል። "የሆላንድ ሰዓሊ ሥራ ነው" አሉኝ፣ የሥዕል አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ቦታ እየለቀቁልኝ። "እዚህ ሲጠብህ እዚያ ግባ።"

እኔ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልችልም። በሳምንቱ፣ በደበቅኳት ስባሪ እርሳስ ለዘጠኛችንም ጫካው ውስጥ ቦታ አደልኩ፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ነጥብ። ሽማግሌውን ውሃው ዳር አስቀመጥኳቸው። የሚያንኮራፋውን ሰውዬ ከሁላችንም አርቄ ጥሻ ውስጥ ወሸቅኩት። ስንስቅ ዋልን።

በማግስቱ ፍተሻ መጣ። መርማሪው ሥዕሉን ነቅሎ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

"ይሄ ካርታ ነው። ነጥቦቹ የነማን ቦታ ናቸው? ማነው የሠራው?"

እናቴ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትል ነበር። ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ክንዳቸውን ሊይዝ የመጣውን ፖሊስ "ተወኝ ልጄ፣ ራሴ እሄዳለሁ" ብለው ከፊቱ ወጡ።

በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው አይታጠፍም። እስክፈታ ድረስ እኔ አጎረስኳቸው። የክፍሉ ሰዎች "የወለዱትም እንዲህ አያስታምም" እያሉ ሲያሞግሱኝ መሬት ብትውጠኝ እመኝ ነበር። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። "ጉርሻውን አሳንሰው እንጂ፣ ልታንቀኝ ነው?" ብቻ ይሉኛል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ሁልጊዜ ሌላ ወሬ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ መሞታቸውን የሰማሁት ባሕር ማዶ ተሰድጄ በምኖርባት ኧርቪንግ ከተማ፣ ኤርፖርቱ በር ላይ በታክሲዬ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው።

ልጃቸው እዚያው አቅራቢያ፣ ፍሪስኮ ከተማ ትኖራለች። ባለፈው እሁድ ምሳ ጠራችኝ። ሳሎኗ ውስጥ የዚያው ሥዕል ኮፒ ተሰቅሏል።

"ኦንላይን ፈልጌ ኦርደር አደረግኩት" አለች። "ማለቴ፣ አባባ ከተፈታ በኋላ ሁሌ ስለሱ ያወራ ነበር። ነጥብ ሠርቼበት እጄን አጣሁ፣ የራሴ ጥፋት ነው ይላል። ስላንተም ያወራል፤ እንዴት እንዳጎረስከው። ተባረክ እሺ፣ ወንድሜ።"

"ነጥቦቹን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

ሹካዋን አስቀመጠች። "ሶ፣ አባባ ያውቅ ነበር?"

"ስሠራቸው እሳቸው አጠገቤ ነበሩ።"

ምሳው ሲያበቃ እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ፤ ደግሞ ና አላለችኝም።

ሀይዌይ ስገባ እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ አላልኩም። ሽማግሌው እስከ መቃብር የያዙልኝን ነገር በአንድ ምሳ አፈሰስኩት። ግን ልጃቸው ተባረክ ስትለኝ አሜን ማለት አቃተኝ።