ቅቤ የገባበት የጾም ሽሮ

ሰርካለም ላሊበላ ላይ ከአቶ ምናለ ሆቴል ወጥ ቤት ስትቀጠር ሳቂታ ሴት ነበረች። የገነተ ማርያም ልጅ፣ ሽሮዋ የተመሰከረለት፣ ስትስቅ እስከ ሦስተኛው ቤት የምትሰማ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር ጭልፋ የሚያስጥል በሽታ ያዛት። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ደሟ ታየ፤ ምንም የለብሽም ተባለች። ጠበል ተጠመቀች፤ ያደረባት መንፈስ የለም ተባለ። እውነታቸውን ነው፤ በሽታዋ እሷ ላይ አላደረም፤ ፎቅ ላይ ቢሮ ነበረው።

አቶ ምናለ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሠራተኛው ሲታመም ይጠይቃል። ችግሩ ሲጠይቅም ይጮኻል፤ «እግዜር ይማርሽ» ሲል በሽተኛዋ ደንግጣ ከአልጋዋ ትነሣለች። ጨው አነሰ ብሎ ይጮኻል፤ በዛ ብሎ ይጮኻል፤ ልክ ሲሆን ደግሞ ዛሬ ምን ታይቶሽ ነው ብሎ ይጮኻል። ዘበኛው ደርበው የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ ጨጓራው ይነሣበታል፤ አስተናጋጇ ፅናት ፍሪጅ ጀርባ ትገባለች።

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰቆጣ በእግራቸው የመጡ ሠላሳ ተሳላሚዎች ከሆቴሉ ምሳ አዘዙ። መሪያቸው መምሬ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። የነቢያት ጾም ስለሆነ የሚበሉት ከቅዳሴ መልስ በዘጠኝ ሰዓት ነው። በጾም ወጥ አይቀመስምና ሰርካለም የምትሠራው በዓይኗና በእጇ ብቻ ነበር። ዘይቱን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ አቶ ምናለ ከኋላዋ «አልደረሰም እንዴ!» ብሎ ጮኸ። እጅ ምን ያድርግ? ለፈረንጅ እንግዶች የተቀመጠውን ንጥር ቅቤ ያዘና ሽሮው ላይ አንጠፍጥፎ ገለበጠው። አፍንጫዋም ደንግጦ ኖሮ ምንም አልነገራት።

ነገሩ የገባት ድስቶቹ ወደ አዳራሹ ከወጡ በኋላ፣ ባዶውን የቅቤ ዕቃ ስታይ ነው። ክው አለች። ሠላሳ ሰው ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ወርዶ፣ ከአርባ ቀን በላይ የያዘውን ጾም እሷ ልታስገድፈው ነው። ሮጣ ስትወጣ አቶ ምናለ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ሽሮው…»

«ሽሮው ምን? ደርሷል አይደል? ግቢ ወደ ወጥ ቤትሽ!»

«ኧረ ይስሙኝማ…»

«ግቢ አልኩሽ!»

በትከሻው አሻግራ አየች። መምሬ ቢተው ባርከው ጨርሰዋል። አንዱ ተሳላሚ «ይህ ሽሮ ምነዋ እንዲህ አወደ» እያለ ይጠቀልላል። ሰርካለም ከየት እንደመጣ በማታውቀው ድምፅ «በሕግ አምላክ፣ እንዳትበሉ!» አለች።

የላስታ ሰው በሕግ አምላክ ከተባለ ነገሩ ሳይሰማ ንቅንቅ አይልም። ሠላሳ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። አቶ ምናለም የጭቃ ሹም ልጅ ነው፤ ይህን ሕግ ከአባቱ ቤት ያውቀዋል፤ ወደ እሷ ሊራመድ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበርና እንዳነሣው ቆመ።

«ምንድነው ልጄ?» አሉ መምሬ ቢተው።

«ቅቤ ገብቶበታል አባቴ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ምነዋ?»

«ጋሼ ሲጮሁብኝ እጄ የያዘውን አያውቅም።»

ጉርሻው ሁሉ ወደ ትሪው ተመለሰ። መምሬ ቢተው እጃቸውን ታጥበው ዳኛ ሆኑ። ደርበው ስለ ጨጓራው መሰከረ፤ ፅናት እዚያው ፍሪጅ ጀርባ ሆና መሰከረች። «እግርህን አውርድና አንተም ተናገር» ተባለ አቶ ምናለ።

«እኔ መቼ ጮኽሁ!» ብሎ ሲጮህ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ያ ሁሉ የራበው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መምሬ ፈረዱ፦ ሽንኩርቱን ራሱ ይላጥ፤ ሌላ ሽሮ እንድትሠራም በቀስታ ይለምናት። አቶ ምናለ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰርካለም!» «ዝቅ አድርገው» አሉት። «ሰርካለም፣ እባክሽ…» «አሁንም ዝቅ።» በሦስተኛው ድምፁ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀጠነ፤ ሰርካለም መቆም አቅቷት ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ሳቅ ነበርና ቶሎ አላልቅ አለ።

ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ። እንባውን በክንዱ እያበሰ ብዙ ላጠ። ቆይቶ በዚያው በአዲሱ ድምፁ «ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሆኚ ምነዋ አልነገርሽኝም?» አላት።

ሰርካለም ዘይቱን አሽትታ ድስቱ ላይ አፈሰሰች።

«ዛሬም የተናገርኩት ለሰው ጾም ብዬ ነው ጋሼ» አለችው። «ለእኔ ቢሆንማ ዝም እንዳልኩ እቀር ነበር።»

አቶ ምናለ ቢላዋውን አስቀመጠ፤ እንባውን ማበሱን ግን አላቆመም። ሽንኩርቱ ገና አላለቀም ነበር።