ዝም ብሎ የመቀመጥ ደቦ

ምራቴ ሙቃዳስ ሰነፍ ናት ብዬ ከተማችንን ኮካንድን ሙሉ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ። ሻይ ትጥድና ጓሮ ትወጣለች፤ እዚያ ከጎረቤት ጋር ወሬ ትጀምራለች፤ ማንቆርቆሪያው ያርራል። ስትሰፋ ግን እጇ ወርቅ ነው። ችግሩ መጨረስ ላይ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ልጄ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ "ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ነው፣ ከልጅነቷ አብሯት ያደገ። ስንፍና አይደለም" አለች። ኪኒን አዘዘችላት፤ ደግሞም "ሥራውን ቆራርሺው፣ ስልክሽ በየሃያ ደቂቃው ይጥራ፣ አጠገብሽ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ይቀመጥ" ብላ መከረቻት። እኔ "ለስንፍናም ኪኒን ወጣለት?" ብዬ አሾፍኩ። ኪኒኑ ግን መርሳቷን ቀነሰላት፤ እውነቱን ልናገር።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ዜቢኒሶ፣ የሙቃዳስ ልጅ፣ ታገባለች። በእኛ ባህል የሙሽሪት እናት በገዛ እጇ ዐሥራ ሁለት የጥጥ ብርድ ልብስ ትሰፋለች፤ ሌላ ሰው ከነካው ነውር ነው። የሙሽራው ወገን ሴቶች መጥተው አንድ በአንድ እየገለጡ ያያሉ። ሊመጡ ዐሥር ቀን ሲቀራቸው ሁሉም ተጀምሯል፣ ያለቀ አንድም የለም።

"በልጄ ሊስቁባት ነው" ብላ ጥጡ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አንጀቴን በላችኝ። ሰው ይቀመጥ ከተባለማ ለእኛ ምን ይገዳል? ጥጡን ሳይነኩ አጠገቧ እንዲቀመጡላት ደቦ ጠራሁ። ዐሥራ ስምንት ሴት መጣ፤ ሩዝ በሥጋ ተበላ፣ ተዘፈነ፣ የጎረቤት ከተማ የማርጊላን ሐሜት ሁሉ ተዘከዘከ። ማታ ስናይ ሙቃዳስ አንድ ጠርዝ ሰፍታለች፤ እሱንም አጣማዋለች።

በማግስቱ "እናቴ፣ ሐኪሟ ያለችው አንድ ሰው ነው። ዝም የሚል" አለችኝ።

"በዚህ ሰፈር ዝም የሚል ሰው ከየት ይመጣል?"

ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች።

"እኔ? ተይኝ እባክሽ" አልኩ።

ግን ተቀመጥኩ። እኔ ሩዝ እለቅማለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ስልኩ ሲጠራ ተነስታ ትንጠራራለች፣ ትመለሳለች። ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። ማታ አንዱ አለቀ። በዘጠነኛው ቀን ዐሥራ አንዱ ተጣጥፎ ተደረደረ።

የመጨረሻውን ስትሰፋ በመርፌ የተወጋጉ ጣቶቿን አየሁ። "ሙቃዳስ፣ ሰነፍ እያልኩሽ የኖርኩት ግፍ ነው። ይቅር በይኝ" አልኳት።

መርፌዋ ቆመ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ይቅር ብያለሁ፣ እናቴ። አሁን ግን ዝም ይበሉልኝ፣ ሐሳቤን በተኑት።"

ዝም አልኩ።