አረፋ የዋጠችው ቱቦ

ካዮ ሺሞዳ በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ የወንድ መላጫ አረፋ በካርቶን ትገዛለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እሷም ጢም የላትም። የባለሱቁ ሚስት ታዲያ፣ «ዘንድሮስ የማንን ጉንጭ ልትላጪ ነው፣ አክስቴ?» ትላታለች። ካዮም፣ «ጉንጭ ካገኘሁማ ላንቺ አልነግርሽም!» ብላት ካርቶኗን አቅፋ ትወጣለች።

አረፋው የሥራ ዕቃ ነው። ከኡራሃማ ወደብ ጥግ ባለው የኒውክሌር ማመንጫ፣ ተርባይኑን አዙሮ የደከመው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ የሚሆነው በባሕር ውሃ ቀዝቅዞ ነው። ባሕሩ በእልፍ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፣ እንፋሎቱ ደግሞ ከቱቦዎቹ ውጭ ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት ይደሩ እንጂ መነካካት የለባቸውም። ግን አንዳንዴ ከማጣሪያው ያመለጠች ዛጎል ቱቦ ውስጥ ትሰነቀራለች። ውሃው በዙሪያዋ እየተሽከረከረ የቱቦውን ግድግዳ ይልሰዋል፣ ይፍቀዋል፣ ይበላዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብረትም ይወስዳል። በመጨረሻ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ትከፈትና ጨው ወደ ንጹሑ ውሃ ይገባል። ያ ጨው እየተመላለሰ ውድ ውድ ዕቃዎችን ከውስጥ ስለሚበላ፣ ከልኩ ካለፈ ማመንጫው በግድ ይቆማል።

ያችን ሽንቁር ማደን ነው የካዮ ሙያ። ካሉት ሁለት የማቀዝቀዣ ሣጥኖች የአንዱ ውሃ ተንጠፍጥፎ ይወጣና በጠባብ በር በደረት ተስቦ ይገባል። እዚያ ጨረር የለም፣ ጨለማና የባሕር ሽታ ነው ያለው። ካዮ እንደ ማር እንጀራ የተደረደረውን የቱቦዎች አፍ አረፋ ትቀባዋለች። በእንፋሎቱ በኩል አየሩ የተመጠጠ ስለሆነ፣ የተሸነቆረችው ቱቦ አረፋዋን ስልቅጥ ታደርጋለች። ከዚያ ያች ቱቦ በሁለቱም ጫፍ በቡሽ ትደፈናለች። አንድ ሰው በደቡብ በር፣ አንድ ሰው በሰሜን በር ሆነው የረድፉንና የቱቦውን ቁጥር በሬዲዮ ይቀባበላሉ። እያንዳንዱ በጣቱ እየጠቆመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልክ!» ይላል። እኛ ዘንድ ጣት ያልጠቆመበትና አፍ ያልጠራው ሥራ እንደ ተሠራ አይቆጠርም።

ከሦስት ዓመት በፊት ካዮ በደቡብ፣ አንጋፋው ሠራተኛ ታኩዞ በሰሜን ሆነው እንዲሁ ጠቁመው፣ ጠርተው፣ ደፈኑ። ሣጥኑ ተዘጋ፣ ውሃው ተለቀቀ፣ ጨው እንደገና ወጣ! በበጋው ሐሩር መሐል ማመንጫው ቆመ። ሁለቱ የደፈኑት የተለያየ ቱቦ ነበር። አለቃ ኒሺዋኪ ብዙም አልተመራመረ። «ታኩዞ ሃያ ዓመት ተሳስቶ አያውቅም» አለ፤ በቃ፣ ጥፋቱ የካዮ ሆነ። ከሣጥኑ አውጥተው የጎማ ልብስ አጣቢ አደረጓት። በኡራሃማ «ቆጠራ እንደ ካዮ» የሚል ተረብ ወጣ። ክፉኛ ያማት ግን ተረቡ አልነበረም። ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ደረጃ ስትወጣ ትቆጥራለች፣ የልብስ መቆንጠጫ ስትሰቅል ትቆጥራለች፣ ደግማ ትቆጥራለች። አረፋ መግዛቷን ግን አልተወችም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ካዮን እወዳታለሁ የምለው ስለዚህ አረፋ ነው።

ዘንድሮ በጥቅምት አንድ ማለዳ ጨው ጠቋሚው ጮኸ። ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ሮጠ። ኒሺዋኪ የሣጥኑን ክዳን አነሳለሁ ሲል ወገቡን ቀስፎ ያዘውና መሬት ላይ ተጋደመ። ተጋድሞም ትእዛዝ ይሰጣል።

«አረፋ የሚያውቅ ማን አለ?»

በመጨረሻ ከመታጠቢያው ክፍል፣ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና የሆነች ሴት ብቅ አለች። «እኔ አለሁ፣ አለቃ። አረፋውም አዲስ ነው።»

ታኩዞ ፊቱን አጨማደደ። «ካዮ? እንደገና? አለቃ፣ ስሜን ሁለተኛ በሷ ስህተት አላስጠራም!»

«አንተ ያንን ጉልበትህን ይዘህ ወደ ሰሜን በር» አለች ካዮ። «አፍህን እዚያ ክፈተው።»

የታኩዞ ጉልበት መሰላል አይወድም፣ የደቡቡ በር ደግሞ በረጅም መሰላል የሚወጣ ነው። ድሮ ጤነኛ ሳለ በደቡብ በኩል ይሠራ የነበረው እሱ ነው። ሰውዬው የተራራ ማዶ፣ የሩዝ ማሳ ሰው ነው። እዚህ አግብቶ፣ እዚህ ሸብቶ እንኳ ያገሩን አነጋገር አልለቀቀም። እኛ ቀኝና ግራ አናውቅም፤ ምሳ ላይ እንኳ «ከባሕር በኩል ያለውን ዓሣ አቀብለኝ»፣ «ቆብህ ወደ ተራራ ዘሟል» እንባባላለን። እሱ ግን እስከ ዛሬ «በግራ፣ በቀኝ» ይላል፤ እኛም እንስቅበታለን።

ኒሺዋኪ በተጋደመበት ካዮን አያት። «ካዮ፣ ዛሬ ከተሳሳትሽ እኔም አላድንሽም። ወደዚህ ሣጥን ሁለተኛ አትገቢም።»

«ገብቶኛል» አለችና በደረቷ ተስባ ገባች።

አረፋውን ከላይ እስከ ታች ቀባችው። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ሆነ። መብራቷን አንስታ ጠበቀች። ከውጭ ወጣቷ መሐንዲስ አሳኖ በየደቂቃው የጨዉን መጠን ትጠራለች፤ ገና አልወረደም። ካዮ ዓይኗን አልነቀለችም። ወዲያው ከባሕሩ ወገን ዳር አካባቢ አረፋው ትንሽ ጎደጎደ። ጎደጎደ፣ ጎደጎደና፣ እልም!

«በላች!» ብላ ጮኸች። «በላች! በላች! አገኘኋት!»

ውጭ ያለው ሁሉ አብሮ ጮኸ። ካዮ መብራቷን ወደ ቱቦዋ አስገባች፤ ብርሃን ወዲያ ማዶ አላለፈም፤ ዛጎል ተሰንቅሮባታል። እንግዲህ ቆጠራ ብቻ ቀረ። ከአባቷ ጀልባ ላይ እንደለመደችው ከባሕሩ ወገን ጀምራ ቆጠረች። ደገመች። ሠለሰች። ጣቷን ቀሰረች።

«ረድፍ ሠላሳ አንድ፣ ቱቦ አሥራ አራት፣ ልክ!»

«ረድፍ ሠላሳ አንድ፣ ቱቦ አሥራ አራት፣ ልክ!» አለ ታኩዞ ከሰሜን በር፣ እንደ ወታደር።

መዶሻው በሁለቱም ጫፍ ጮኸ። ካዮ አረፋ በአረፋ ሆና ወጣች። ሰዎቹ ትከሻዋን ይመቱታል፣ ሻይ ያቀብሏታል፣ ክዳኑም መታሰር ተጀመረ። በዚህ መሐል አሳኖ ቀረብ ብላ፣ «እትዬ ካዮ፣ ይቅርታ፣ እኔ ገና አዲስ ነኝ» አለች። «አሥራ አራት ከየት በኩል ተቆጥሮ ነው?»

«ከየት ይሆናል? ከባሕሩ ነዋ! ሕፃን የሚያውቀውን…»

ቃሏን ሳትጨርስ ወደ ሰሜኑ በር ዞረች። ታኩዞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከየት ሲቆጥር ኖረ? ከግራ። በደቡብ በር ለቆመ ሰው ግራው ባሕር ነው። ዛሬ ግን ሰሜን ነው ያለው፤ ያን የበጋ ለታም ሰሜን ነበር። ለሰሜን ሰው ግራው ተራራ ነው!

ክዳኑን አስከፍታ ታኩዞ ልክ ሆኖ ቢገኝ፣ በከንቱ ሥራ አስቆመች ይሏታል፤ ያኔ ያለቀላት ናት። ዝም ብትል ደግሞ ለጊዜው ማንም አይወቅሳትም፤ ውሃው ሲለቀቅ ግን ጨው ይናገራል።

«ክፈቱት!» አለች።

«አክስቴ፣ አብደሻል?» አለ ብሎን የሚያስረው ሰው። «ጠቁመሽ ጠርተሽ!»

«ጠቁሜ ጠርቻለሁ፤ ክፈት አልኩህ!»

ተመልሳ ገባች። የተደፈነችዋ ብርሃን አታሳልፍም እንጂ ጎረቤቷ ታሳልፋለች። መብራቷን በአሥራ አምስተኛዋ ቱቦ አፍ ላይ ደቀነች፣ ሬዲዮዋንም ያዘች።

«ታኩዞ፣ መብራቴ ይታይሃል?»

«አዎ… ኧረ! ምን ሆነሽ ነው? ከኔ ቡሽ ማዶ ለማዶ ነው እኮ! እዚያ ቀኝ ዳር በኩል ነው የሚያበራው!»

«ከግራ ነው የቆጠርከው?»

«ከግራ ነዋ! ሁልጊዜ እንደማደርገው…»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰውዬው የሃያ ዓመት ልማዱን ገና አሁን ሰማው። ካዮ በጨለማው ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፣ ስትስቅም እንባዋ ከአረፋው ጋር ተደባለቀ። በትክክል ቆጥራ ነበር! ያኔም በትክክል ነበር የቆጠረችው!

«ብርሃኗን አይተህ፣ ቀጥሎ ከባሕር በኩል ያለችውን ድፈን» አለችው።

መዶሻው እንደገና ጮኸ። ሣጥኑ ተዘጋ፣ ባሕሩ ተለቀቀ። ሁሉም በአሳኖ ጀርባ ተኮልኩሎ ቁጥሩ ላይ አፈጠጠ። ቆመ። ወረደ። እንደገና ወረደ። ኒሺዋኪ ወገቡን ረስቶ ሊዘል ሲል «ወይኔ!» ብሎ ተመልሶ ተጋደመ። ታኩዞን ሲፈልጉት የለም፤ ወደ ቤቱ ሄዷል።

በማግስቱ ጠዋት እንደተለመደው በሬዲዮው ሙዚቃ ሰውነታችንን አፍታትተን ለስም ጥሪ ተሰለፍን። ካዮ ከዳር፣ ከአጣቢዎቹ ጋር ቆማለች። ታኩዞ እያነከሰ ከሰልፉ ወጣ፣ መጥቶም ፊት ለፊቷ ቆመ። እኛ ዘንድ በሰው ላይ ጣት መቀሰር ትልቅ ነውር ነው። ሽማግሌው ግን ክንዱን ዘርግቶ ጣቱን በቀጥታ ወደ ካዮ ቀሰረና ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«ካዮ ሺሞዳ፣ ልክ!»

ከዚያ አሳኖ ጣቷን ቀሰረች፣ ከዚያ ብሎን አሳሪው፣ ከዚያ ኒሺዋኪ በምርኩዙ ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ሁላችንም።

«ልክ!»

ካዮ ሳሙና የለመደ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከአጣቢዎቹ ሰልፍ ወጥታ ሄደችና ከታኩዞ ጎን፣ በባሕሩ በኩል ቆመች።