ክልሱ ውሻዬና የአከራዬ ሙያ

ያንን ውሻ ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይኸው አረጀሁ፤ አሁንም ይፈላል። «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ለውሻ ነው!

አሰላ ነርስ ሆኜ ተመድቤ የሄድኩት ገና ሳላገባ ነው። የተከራየሁት የአንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። አባታቸው ከመንዝ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸውም በሰፈሩ የተከበሩ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው።

ውሻዬ ክልስ ነበር። እናቱ ያገር ውሻ፣ አባቱ ደግሞ የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረው ግሪክ ያመጣው ጠጉራም የበግ ውሻ። ከእናቱ ብልጠቷንና ያገኘውን መብላት፣ ከአባቱ ያንን ጠጉርና ሰው መውደድ ወረሰ። ጠጉሩ የአሰላን ብርድ ቢችልለትም እኔን ፍዳዬን ያበላኝ ነበር። ጭጎጎት ለቅሞ ይመጣል፣ ዝናብ ሲመታው ይቋጠራል። እሁድ እሁድ ፀሐይ ላይ አስተኝቼ በራሴ ማበጠሪያ ስፈታለት ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። ቀለቡ የገብስ ገንፎ በአጓት፣ ሲገኝ አጥንት። ችግሩ ሰው ላይ አይጮህም። ለመጣው ሁሉ ጅራቱን ይቆላል፣ የእንግዳ እግር ላይ ይደገፋል።

ለአከራዬ ይህ ነውር ነበር። «ልጄ፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል። ይሄ ምን ሊረባሽ? ለእኔ ተይው፣ ኃይለኛ ላድርግልሽ» ይሉኛል። ኃይለኛ የሚያደርጉት ጥሬ ሥጋ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሰው እያበሉ፣ ጨለማ ቤት ዘግተው ነው። ሙያ መሆኑ ነው! እሳቸው ብቻ አይደሉም፣ ስንቱ እንዲህ ያደርግ ነበር። «አይሆንም አባባ» አልኩ። ደጋግሜ አልኩ።

አንድ ጊዜ ለፈንጣጣ ክትባት ሦስት ቀን ወደ ጎበሳ ላኩን። ውሻውን ለማን ልተወው? ለእሳቸው ተውኩት። «አባባ፣ ያንን የሚጥሚጣ ነገር አደራ።»

«ምን ቆርጦኝ!» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመኪና ስወርድ ሰፈሩ በጩኸት ተናውጧል። በአማርኛም በኦሮምኛም «ያበደ ውሻ! ያበደ ውሻ!» ይባላል። ዱላና ድንጋይ የያዘ ሁሉ ወደ ወንዙ ይሮጣል። አብሬ ሮጥኩ። ለካ የእኔው ነው! ለሃጩ ተዝረክርኮ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ እስከ ደረቱ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ይጠጣል፤ ትንሽ ያርፍና ደግሞ ይጠጣል።

«ኧረ ተዉ! ያበደ ውሻ እንዲህ ውሃ አይጠጣም!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! ሰፈሩን የሚጠብቀው ነጭ ለባሽ ጠመንጃውን አነጣጥሯል። አከራዬ ከጎኑ ቆመዋል።

«አባባ፣ እርስዎ ጋ ነው የከረመው። ምን አግኝቶት ነው? ይናገሩ እንጂ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ነጭ ለባሹም ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «እኔ ምን አውቄ» አሉ። ተኮሰ።

ከነጫማዬ ገብቼ ጎትቼ አወጣሁት። አፉን ስከፍተው ምላሱ አብጧል፣ ድዱ ተልጧል፣ ጉንጩ ውስጥ ቀይ ዱቄት ተጣብቋል። ሽታው አስነጠሰኝ። «ኑ አሽትቱ! ሚጥሚጣ ነው! ኑ እንጂ!» አልኩ። ሰዉ አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ አለ። አከራዬ እውነቱን የደበቁት እኮ በሰው ፊት ላለማፈር ነው። ውሻ ማሠልጠን አቃታቸው እንዳይባል! እኔስ ብሆን፣ ምን ብዬ አመንኳቸው? ልጅ የመሰለ ውሻ ለገዳዩ አስረክቤ ክትባት መሄዴ!

ሳምንት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ ነሳኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ቡችላ አንገቱን አውጥቷል።

«በድዬሻለሁ ልጄ፤ ይቅር በይኝ» አሉ ጎንበስ ብለው። ከእኔ ይልቅ የሚያሳዝኑት እሳቸው ሆኑ። ልቤ ሊራራ ምንም አልቀረውም።

«ይሄኛው» አሉ ራሱን እየደባበሱ፣ «ንጹሕ ያገር ውሻ ነው። ያኛው ክልስ ስለሆነ እኮ ነው ሚጥሚጣውን ያልቻለው።»

ቡችላውን ከእጃቸው ላይ መነተፍኩት። ይቅርታቸውን የተቀበልኩ መስሏቸው ቆመው መረቁኝ። እኔ ግን በዚያው ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ ቡችላውን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ ከግቢያቸው ወጣሁ።