በአሥራ ሁለተኛው እግዚኦ

ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቴን የቀላኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ በተከራየኋት አንዲት ክፍል አልጋዬ ላይ ላፕቶፑን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ድሬዳዋ እናታችን ቤት፣ መጋረጃው የማይገለጥ ክፍሉ ውስጥ ነው። በጨዋታው ዓለም ግን ድንጋይ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ቆመናል። ሰይፉ ከግራ መጣ። ጭንቅላቴ ከነራስ ቁሩ በድልድዩ ላይ ተንከባለለ። ሬሳዬ ትንሽ ቀጥ ብሎ ቆየና በጉልበቱ ወደቀ።

«አቦ እትዬ፣ ይሄ ግጥሚያ ነው ወይስ በግ ተራ?» አለኝ በጆሮ ማዳመጫው እየሳቀ።

በመሳቁ ደስ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አባታችን ሲሞት ወንድሜ ግድግዳው ማዶ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ይዋጋል። አባባ ውኃ አምጡልኝ ብሎ ተጣራ። እናታችን ከገበያ ስትመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። «አልሰማሁም» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲህ መቃብሩን አላየም፣ ስልክም አያነሣም። ፊቱን የሚያዞረው ወደዚያ ጨዋታ ብቻ ነው። እኔም ካለበት ላገኘው ገባሁ።

ስገባ ፈዋሽ ነበርኩ። ረቡዕና ዓርብን ሳልሽር የኖርኩ ሰው በሥዕልም ቢሆን ደም ማፍሰስ ከበደኝ። ሌሎች ይራረዳሉ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ቁስል እዘጋለሁ። የዚያን ዕለት ግን የልቤን ተናገርኩት።

«የአባባ ሁለተኛ ሙት ዓመት አምስት ሳምንት ቀረው። መቃብሩ ላይ እንድትቆም እፈልጋለሁ።»

«እትዬ፣ ልውጣ?» አለኝ። ከጨዋታው ማለቱ ነው።

«ቆይ፣ እንወራረድ። አንድ ግጥሚያ። ካሸነፍኩህ ትሄዳለህ።»

«ካሸነፍኩሽስ?»

«እስክሞት አላነሣብህም።»

«አንቺ? ዝንብ ገድለሽ ንስሐ የምትገቢ ሰው?» እንደገና ሳቀ። «እሺ። አራት ቅዳሜ ሰጥቼሻለሁ። ተዘጋጂ፤ እንዳታሳዝኚኝ።»

ፈዋሽ አሸንፎ አያውቅም። ስለዚህ ጦር ያዝኩ። የጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስም የያዘው ጦር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደተመለስኩ በየቀኑ በጨዋታው ወዳለው ረግረግ ወርጄ ተኩላ እወጋለሁ፤ ሐሞቱን አውጥቼ መርዝ እንዲሆነኝ የጦሬን ጫፍ እቀባለሁ። ተኩላው ሲሞት ያለቅሳል፤ እንዲያለቅስ አድርገው ነው የሠሩት። መጀመሪያ ላይ ድምፁን እዘጋ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መዝጋቱን ተውኩ።

ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ክር መበጠስ ነው። የጥራት ክፍል ነኝ፤ ክሩን በመሣሪያ እወጥርና የቱ ላይ እንደሚበጠስ እመዘግባለሁ። ወንድሜንም እንደዚያው ያዝኩት። ከሌሎች ጋር ሲዋጋ እየቀረጽኩ ደጋግሜ አየሁት። አመሉ አንድ ነው። በጋሻው ጉልበት ይሰብራል፤ ሰውዬው ሲያጎነብስ ከማጅራቱ እስከ ትከሻው ይሰነጥቀዋል። ሲጨንቀው ደግሞ «የብረት ቆዳ» የሚሉትን ይለብሳል። ያኔ ጦሬ ደረቱን ሲነካው ቁስሉ የሚከፈተው በእኔ ደረት ላይ ነው። ጊዜው ሞልቶ ቆዳው ሲወልቅ ግን፣ ሌላ መከላከያ እስኪያነሣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ራቁቱን ይቀራል። መግደያዋ ቅጽበት እሷ ብቻ ናት። ሰዓት ለማየት ዓይኔን ከሰይፉ ባነሣሁ ቁጥር ራሴ መሬት ላይ ነው።

ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩትን የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ቄስ ናቸው፣ ዜማም ያስተምራሉ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን።

«የኔታ፣ ሳያዩ ጊዜን የሚይዙት እንዴት ነው?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ውጊያ አለብኝ። ከወንድሜ ጋር።»

«በስመ አብ! በምን?»

«በጦር። ጨዋታ ነው የኔታ፣ በኮምፒውተር። ቢሞትም ይነሣል።»

«ይነሣል? በማን ሥልጣን?» አሉና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ግን የመምህርነታቸውን መለሱልኝ። «እኔ ዜማውን በዓይኔ አልያዝሁትም፣ በአፌ ያዝሁት። አፍሽ የያዘውን ጨለማም አይወስድብሽም።»

አፌ የያዘው ደግሞ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቀን ቀረጻውን ከፍቼ የብረት ቆዳውን ሲለብስ ሳላስበው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አልኩ፤ ከአባባ የወረስኩትን መቁጠሪያ ይዤ፣ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ። ልክ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆዳው ወለቀ። በሌላ ቀረጻም አሥራ ሁለት። በሦስተኛውም። በልምምድ ሞከርኩት። አሥረኛው ላይ ቸኩዬ ደረቴ ተበሳ፣ አሥራ ሦስተኛው ላይ ዘግይቼ አንገቴ ሄደ። እየሞትኩ ቆጠርኩ። ጠዋት በሐይቁ ዳር እየተራመድኩ፣ ደንገሉ ሥር ታንኳ እያለፈ፣ ከንፈሬ እግዚኦ ይላል፤ አውራ ጣቴ ይወጋል።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ፣ በምህላው ሰዓት ሕዝቡ አንድ ላይ አሥራ ሁለቱን እግዚኦ ጀመረ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜያለሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አውራ ጣቴ መቁጠሪያውን ጫን አለ፤ ጦሩም በወንድሜ ጉሮሮ ገብቶ በማጅራቱ ሲወጣ አየሁ። ደሙ ትኩስ ነበር። ከሁሉ የከፋው እኔን ደስ ማለቱ ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት እጄን ያዘችኝ፤ የማለቅስ መስሏት። መተው እንዳለብኝ ያን ጊዜ አውቄያለሁ። ግን ከተውኩት አባባ ያለ ልጁ ሊቀር ነው። አልተውኩም።

የቀጠሮው ቅዳሜ ፋሲሎ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔን አንግቤ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ፤ ጄኔሬተር ያለው አንድ የመዝናኛ ቦታ አገኘሁ። አጠገቤ ሰርገኞች ሙሽሪትን በውኃው ፊት እያቆሙ ፎቶ ያስነሣሉ፤ ያጨበጭባሉ፣ እልል ይላሉ። አንድ ሚዜ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ «ኧረ እህቴ፣ በሰርግ ቀን ደም!» አለና ሄደ።

ድልድዩ ላይ ተገናኘን። «ኑዛዜሽን ተናዘዝሽ?» አለኝ። ጦሬን አነሣሁ። ጋሻው ግራ ጉልበቴን ሰበረው፤ እያነከስኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሰይፉ ትከሻዬን ከፈተው፣ ክንዴ በጅማት ተንጠለጠለ። ጦሬን ወደ ሌላው እጄ አዙሬ ጭኑን ወጋሁት፤ መርዙ ጠቆረበት። ደጋግሜ አንድ ቦታ ላይ ወጋሁት፣ ሥጋው እስኪበታተን። «አቦ!» አለ፤ አሁን አይስቅም። የብረት ቆዳውን ለበሰ።

እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ደሜ ድልድዩን ያለብሰዋል። እግዚኦ። ሰይፉን እየሸሸሁ፣ እየተንከባለልኩ። ስምንት። ዘጠኝ። ሆዴ ተቀደደ። አሥር። ከሰርገኞቹ ዘንድ እልልታው ቀለጠ። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛዋን ሳበቃ በሙሉ ክብደቴ ወረወርኩት። ጦሩ በጉሮሮው ገባ፣ በማጅራቱ ወጣ፤ ከድልድዩ ምሰሶ ጋር ሰፋው። እግሮቹ ትንሽ ተራገጡ።

ከማዳመጫው ውስጥ ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ነበር።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ማይክሽን አልዘጋሽውም። ስትቆጥሪ እሰማሽ ነበር። እንደ አባባ ነው የምትይው። አሥራ ሁለተኛዋን ትጎትቻታለሽ።»

ወጣ።

የዚያን ቀኑን ቀረጻ አላየሁትም። ብመለከተው ገለል ለማለት ሞክሮ እንደነበር፣ ወይም ቆሞ እንደጠበቀኝ ይታያል። ሥራዬ ይህን ማየት ነው፤ ይህችን ግን አልመዘግብም።

በሙት ዓመቱ ማግስት እናታችን ደወለች። «ሄደ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆመ። አንድ ኮዳ ውኃ ይዞ ነበር፣ መቃብሩ ላይ አፈሰሰው። ምን ብለሽው ነው ልጄ?»

«ምንም አላልኩት» አልኳት።

የኔታ ፊት ግን ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምህላውን፣ ጣቴን፣ ደስታውን። አሁንም አሥራ ሁለተኛው ላይ እጄ እንደሚወጋ ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው የአባባን መቁጠሪያ ተቀበሉኝ።

«ለጊዜው ሳትቆጥሪ ጸልዪ» አሉኝ።

አሁን እንደዚያ ነው የምጸልየው። ጠዋት ቆሜ እግዚኦ እላለሁ፣ እግዚኦ እላለሁ፤ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ ስለማላውቅ የፋብሪካው ሰርቪስ ብዙ ጊዜ ጥሎኝ ይሄዳል።