ተቃዋሚ የጠፋለት ጽሑፍ

ጥበቃው ዕድሜውን በሳሙና ፋብሪካ በር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በስተርጅናው የማታ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መምህርቷ "ፋብሪካ ለጎረቤቶቹ ኃላፊነት አለበት ወይ?" በሚል ርዕስ የመከራከሪያ ጽሑፍ እንዲጽፉ ተማሪዎቿን አዘዘች።

"መጀመሪያ የሚቃወማችሁን ሰው ሐሳብ ጻፉ፤ ከዚያ መልሱለት። መልስ የሌለው ጽሑፍ አያልፍም" አለች።

እሱ አለበት ባይ ነው፤ የፋብሪካው ፍሳሽ በሰው ደጃፍ ሲያልፍ በዓይኑ ያያል። ግን ተቃዋሚ ከየት ይምጣ? ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚቃወመው ቀርቶ ደህና ዋልክ የሚለው የለም። እሷ እያለች ነጭ ሲላት ጥቁር እያለች አፍ አፉን ትለው ነበር።

እሑድ ከሰዓት እስክሪብቶ ይዞ፣ እሷ ብትኖር ምን ትል ነበር ብሎ አሰበ። ወዲያው መጣችለት።

"ኧረ ባክህ! አንተን ደግሞ ማን ዳኛ አደረገህ? ፋብሪካው ሲዘጋ ጎረቤቶችህ የሚያበሉህ መስሎሃል?"

ብቻውን ሳቀ። እሷ እየተናገረች እሱ እየጻፈ ገጹ ሞላ።

መልሱ ላይ ሲደርስ እጁ ከበደው። በትዳር ዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ ረትቷት አያውቅም። ቢሆንም እንዳይወድቅ ብሎ ጻፈ፦ "ይዘጋ ማን አለ? ፍሳሹን በቱቦ ያሳልፍ ነው ያልኩት።"

መልሱ ጥሩ ነበር።

"እህ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ?" አለ ጮክ ብሎ።

የሚመልስለት የለም። የመጨረሻው ቃል እንደ ድሮው የእሷ እንዲሆን መልሱን ሊሰርዘው ፈለገ፤ ማስረከቢያው ግን ነገ ነው። ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተው።